ዝናብ ፍለጋ የመጣ ሰው ሮሮ

ስለ ዝናብ ማማረር ተከልክያለሁ። የከለከለኝ ሕግ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ከአጥሬ ማዶ ያለው ሰውዬ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በወሰንና በቡና ጥላ ስንጨቃጨቅ የኖርነው ኦቦ ጎረቤቴ፣ እኔ ወደ ሰማይ ቀና ብዬ «ኤጭ!» ባልኩ ቁጥር ከቡናው ስር ብቅ ይልና «አንተ ወሎዬ! ዝናብ ፍለጋ አልነበረም እንዴ የመጣኸው?» ይለኛል። ምን እመልሳለሁ? እውነቱን ነው። የመጣሁት ዝናብ ፍለጋ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ከአምባሰል ስነሳ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ቄሱ ምህላ ይዞ፣ ሼኩ ዱዓ አድርጎ፣ ሰማዩ ለሁለቱም እኩል ጀርባውን የሰጠበት ዘመን ነው። መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው በተለይ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ እያነሳ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ወዶ የሄደም ነበረ፣ ተገዶ የሄደም ነበረ፤ የዚያን ዝርዝር ዛሬ አላነሳም፣ ዛሬ የጓሮ ጉዳይ ነው የያዝኩት። ለእኔ ኢሉባቦር፣ መቱ ከተማ አጠገብ ደረሰኝ። የእኛን ዓይነቱን ሰፈራ «ስግሰጋ» ይሉት ነበር፤ ለብቻ መንደር ሳይቆረቆር በነባሩ ገበሬ መሀል እያስገቡ ማስፈር ማለት ነው። እኔም በኦቦ ማሳና በአንድ ግዙፍ ዋንዛ መሀል ተሰግስጌ ቀረሁ። የመጀመሪያውን ጎደሬ ቀቅሎ ያበላኝ እሱ ነው። ስለዚህ ቢሰድበኝም መብቱ ነው።

በመጣን በመጀመሪያው ቀን ዘነበ፤ እጃችንን ዘርግተን አለቀስን። በማግስቱ ዘነበ፤ አመሰገንን። በሦስተኛው ወር ገና እየዘነበ ነበር፤ አብራን የመጣች አንዲት አሮጊት «እናንተዬ፣ ይኼን ሰማይ የሚዘጋው ሰው የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። እስካሁን መልስ አላገኘችም፤ ነፍሷን ይማር።

ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ትጠጣለች፤ ከአዲስ አበባ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የእኛም ከዚያ ብዙ አያንስም። መጋቢት ላይ ይጀምርና ጥቅምትን ያጋምሳል። ሌላው አገር በጋና ክረምት አለው፤ እዚህ ያለው ዝናብና ዝናቡ ትንፋሽ የሚወስድበት ጊዜ ነው። ጥቅም የለውም አልልም። በ1928 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሰደዱ ጎሬ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር፤ ጣሊያን አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ይዞ ጎሬ የደረሰው ኅዳር 1929 ላይ ነው። በመሀሉ ያለው ክረምት ምን እንደሠራው የኢሉባቦርን ጭቃ የረገጠ ሰው ያውቀዋል። ያኔ ዝናቡ አርበኛ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቶ እንደኔ የሚያደርገውን ያጣ ይመስለኛል።

እኔ እንኳ ጡረታ የወጣሁት ከአትክልተኝነት ነው። እርሻውን ለልጆቼ ትቼ በከተማው የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ጽጌረዳ ስገርዝ ኖርኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ደህና ኮት ገዛሁ። ሰቅዬው ክረምቱ ወጣ፤ መስከረም ላይ ባወርደው ከአንገትጌው እስከ ኪሱ ሻጋታ አብቅሏል። ባለቤቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «አትክልተኛ መሆንህን አሁን አመንኩ» አለች። ኮቱን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማማረር ከጀመርኩ አይቀር ዋናውን ልናገር። የድሮው ዝናብ ቢበዛም ጨዋ ነበር። የሚመጣበትን ቀን ያውቃል፣ የሚሄድበትን ያውቃል። አሁን ጠባዩ ተበላሽቷል። የቡና አበባ ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በወረደ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ይፈነዳል፤ ጓሮው በአንድ ሌሊት ነጭ ነጠላ ለብሶ ያድራል፣ ሽታው ከብርድ ልብስ ስር ያስነሳል። ድሮ ይኼ አንድ ሰሞን የሚሆን ነገር ነበር። አሁን የካቲት ላይ ትንሽ ያካፋና ያታልለዋል፤ የዋሁ ቡና ያብባል፤ ዝናቡም አበባውን አይቶ ይጠፋል። አንድ ወር ፀሐይ። አበባው ቡናማ ሆኖ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይረግፋል። ከዚያ መጋቢት ላይ እንደገና፣ ሚያዝያ ላይ እንደገና። ውጤቱ ጥቅምት ላይ ነው የሚታየው፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ደርቆ የጠቆረ፣ እንደ ደም የቀላና ገና አረንጓዴ የሆነ ፍሬ ጎን ለጎን ተደርድሮ ታገኛለህ። እሸት ቡና የሚለቅም ሰው አንዱን ዛፍ ሦስት ጊዜ መመላለስ አለበት። የእኔ ጉልበት ለአንድ ጊዜም አይበቃ።

ለቀማውን ጨርሰን ቡናውን አልጋ ላይ እናሰጣለን፤ ጀንፈል ሆኖ እስኪደርቅ በየሰዓቱ እናገላብጠዋለን። ይኼን ጊዜ፣ ኅዳር መሀል፣ ማንም ሳይጠራው ዝናቡ ከተፍ ይላል። እኔ ሸራ ይዤ ስሮጥ፣ ባለቤቴ ማዳበሪያ ይዛ ስትሮጥ፣ የልጅ ልጄ በስልኩ ሲቀርጸን። በሬዲዮ የአየር ጠባይ የሚያነቡት ልጆች «በምዕራብ አጋማሽ መደበኛና ከመደበኛ በላይ» ሲሉ እሰማለሁ። ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መደበኛው የቱ ነው? እኔ የማውቀው መደበኛ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ነው የተቀበረው።

ኦቦ እዚህ ላይ አይስቅብኝም። ስለ አበባው ሲነሳ እሱም ዝም ይላል።

አሁን ወደ ሌቦቹ እንምጣ።

ተረቱ «ዝንጀሮ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች» ይላል። የመቱ ዝንጀሮ ግን መጀመሪያ በቆሎህን ነው የምትለው፤ መቀመጫዋን እዚያው ማሳው ላይ ታመቻቻለች። መንጋው ሲመጣ ትልቁ ወንድ ቢሳና ላይ ወጥቶ ዘብ ይቆማል። ሌሎቹ ገብተው አንዱን እሸት ገመጥ አድርገው ይጥሉታል፣ ሌላውን ይይዛሉ፣ እሱንም ይጥሉታል። ቢበሉት ምናለ! የሚያበግነኝ የወሰዱት አይደለም፤ ቀምሰው የናቁት ነው። ድሮ ማማ ላይ ተቀምጬ በወንጭፍ እመልሳቸው ነበር። ዝንጀሮ ሴትን ከወንድ፣ ልጅን ከአዋቂ ይለያል ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ የጡረታ ዕድሜን እንደሚለይ መስክሬያለሁ። ልጄ ከቤት ሲወጣ ይሸሻሉ። እኔ ስወጣ ዞር ብለው አይተው ማላመጣቸውን ይቀጥላሉ።

ስለዚህ ያንን የሻገተ ኮት አወጣሁና ማስፈራሪያ አለበስኩት። ባርኔጣዬንም ጨመርኩለት። እንዲህ ተሳካልኝ፤ የመንገድ ሰው «ጋሼ እንደምን አደሩ» እያለ ሰላምታ ይሰጠው ጀመር፣ አንዲት ዕቁብተኛ አጥር ላይ ሆና ለምን አትመልስልኝም ብላ ተቀይማ ሄዳለች። ዝንጀሮዎቹ ሁለት ቀን አጠኑት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ዝንጀሮ ትከሻው ላይ ተቀምጣ የኮቱን አዝራር ስትነቅል ደረስኩ። ሃያ አራት ዓመት የለበስኩት ክብር በአሥር ደቂቃ ተገፈፈ።

ቀኑ የዝንጀሮና የጦጣ ነው፤ ሌሊቱ የጃርትና የከርከሮ። ጃርት ጎደሬዬን ቆፍሮ በልቶ እሾኹን እንደ ደረሰኝ ጥሎልኝ ይሄዳል። ከመሬት በታች ደግሞ ፍልፈል አለ። እንሰቱ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ፣ ደልዳላ፣ ፎቶ የሚያስነሳ ነው፤ በጣትህ ነካ ስታደርገው ተንጋሎ ይወድቃል። ስሩ የለም። ባለቤቴ በኦሮምኛ፣ እኔ በአማርኛ እንራገማለን፤ እሷ ዝንጀሮውን «ጀልዴሳ» እያለች ስትሰድበው የሚሰማት ይመስለኛል፣ በእኔ ቋንቋ ግን ደንታም የላቸው።

ጉሬዛን ግን አልሰድብም። እሱ ጌታ ነው። ነጭ ጋቢውን በጥቁር ገላው ላይ ጣል አድርጎ ከቀራሮ ጫፍ ላይ ጭራውን አንዠርጎ ይቀመጣል፤ የሚበላው አብዛኛውን ቅጠል ነው፣ ከዛፉም እምብዛም አይወርድ። በቆሎ ሰረቀ ሲባል አልሰማሁም። በአንድ ወቅት ቆዳው እየተሰፋ ለቱሪስት ምንጣፍ ይሸጥ ነበር፤ የማይሰርቀው ተገፍፎ የሚሰርቀው መትረፉ የዚህ ዓለም ሥርዓት ነው።

ጥርኝ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ኢሉባቦር ከጥንት ጀምሮ ጥርኝ እያሰሩ ዝባድ ከሚያወጡት አገሮች አንዱ ነው። ዝባዱ በከብት ቀንድ እየታሸገ ፈረንሣይ ድረስ ይሄድና ሽቶ ውስጥ ይገባ ነበር። በዱር ያለችው ሌሊት ሌሊት የቀላ ቡና ትለቅማለች፤ ከማንም ለቃሚ የተሻለ ዓይን አላት፣ ያልበሰለ አትነካም። ፍሬውን ከሆዷ እንዳለ ሁልጊዜ በምትመለስበት አንድ ቦታ ታወጣዋለች። ካናዳ ያለው የእህቴ ልጅ በስልክ እንደነገረኝ የኢንዶኔዥያ ጥርኝ፣ የእኛይቱ የሩቅ ዘመድ፣ በሆዷ ያሳለፈችው ቡና በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ታዲያ አንተ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ታጥበዋለህ?» አለችኝ።

ስለ ቡና ካነሳን የምኮራበትን ልናገር፣ ምንም እንኳ የኩራቱ ባለቤት እኔ ባልሆንም። በፈረንጅ 1971 ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። እርጥበትና ብርድ የሚወድ ሻጋታ ነው፤ አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁረውና ባዶ ያደርገዋል። መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ የጅማ ምርምር ማዕከል ሰዎች ጫካ ለጫካ ዞሩ። በ1974፣ እኛ 1966 በምንለው በአብዮቱ ዓመት፣ ከዚሁ ከመቱ አካባቢ ቢሻሪ ከሚባል ስፍራ ያልታመሙ ዛፎች አገኙ። ዘራቸውን ወሰዱ፤ ስም ግን አላወጡላቸውም፣ እንደ እስረኛ ቁጥር ሰጧቸው፤ 74110፣ 74112፣ 74148፣ 74165። ሰባ አራቱ ዓመቱ ነው። ዛሬ ይርጋጨፌና ጉጂ እነዚህን ይተክላሉ፤ የውጭ አገር ቡና ቆይዎች ቁጥሩን እሽጉ ላይ ያትሙታል፤ ጠጪው «አበባ አበባ ይሸታል» ይላል፤ መቱን የሚያነሳት የለም። ኦቦ የ74110 እናት ዛፍ ያለው አባቱ ቡና ውስጥ ነው ይላል። የኦቦ አማች ደግሞ የእሱ አባት ቡና ውስጥ ነው ይላል። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ሁለት ፋሲካ ሳይነጋገሩ አልፈዋል።

እኔ በዚህ ክርክር አልገባም፤ የማስበው ሌላ ነው። ያ ዛፍ በ1965 ዓ.ም. ለማገዶ ተቆርጦ ቢሆንስ? ማን ያውቅ ነበር? አንድ ተራ፣ ጠማማ፣ ጥላ ስር የበቀለ ቡና።

እዚህ ላይ ሳል ሳል እላለሁ፤ ምክንያቱም መጥረቢያው በእጄ ነበር። ሰፋሪ ስንሆን ጎጆ መሥራት፣ ማገዶ መልቀም፣ በቆሎ መዝራት ነበረብን። ከአምባሰል የመጣ ሰው ዛፍ አያልቅም ብሎ ያስባል፤ በሕይወቱ ይኼን ያህል ዛፍ አይቶ አያውቅማ። ዋንዛውን፣ ቀራሮውን፣ ሾላውን ጣልነው። ኦቦ «ያንን ተወው፣ የንብ ዛፍ ነው» እያለ ይለምነኝ ነበር፤ ቀፎ ይሰቅልበት ነበርና። እኔ የሰማሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። እንግዲህ ዝንጀሮ ሾላዋን ብታጣ ወደ ማን ትመጣለች? ወደ ቆረጠው ሰው። ይኼን ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፤ እናንተም አትንገሩብኝ።

ረግረጉስ! ይኼ አገር በየሸለቆው ረግረግ አለው፤ ጨፌ ይሉታል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ በዓል ሲሆን ይጎዘጎዛል፣ ምንጩ በበጋ የማይነጥፈው እሱ ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቀው ነው። እኛ ቦይ ቆፍረን አጠነፈፍነው፤ የክረምቱ በቆሎ ሳይደርስ የምትገባውን የረሃብ ወቅት ለማለፍ በበጋ ዘራንበት። ሁለት ሦስት ዓመት ጥሩ በቆሎ ሰጠ። ከዚያ ከብት ገባበት፣ ከዚያ አፈሩ ጠነከረ፣ ከዚያ አንዱ ብልህ ዳሩ ላይ ባህር ዛፍ ተከለ። ባህር ዛፍ እንደ ሠርግ እንግዳ ነው፤ መጠጣት ሲጀምር የሚያስቆመው የለም። ዛሬ ለበዓል ቄጠማ ከገበያ እገዛለሁ። በኢሉባቦር ቄጠማ በገንዘብ!

መልካም የሠራም አለ፤ ሁሉን ልሳደብ አልችልም። በፊልም ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የተወነው ኦስትሪያዊ ካርል ሄንዝ በም የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች እዚህ ክፍለ ሀገር ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ ሆስፒታላችን እስከ ዛሬ መቱ ካርል ይባላል። ቬቲቨር የሚሉትን ሣር በየተዳፋቱ እንድንተክል ያደረጉን የእነሱ ሰዎች ናቸው። ሣር ትከሉ ሲሉን ስቀን ነበር። የጓሮዬ አፈር ሶር ወንዝ ሳይገባ የቆመው በዚያ ሣር ነው፤ ዛሬ የሚስቅ የለም።

ያዮን ደግሞ አለማንሳት አልችልም፤ ባለቤቴ የያዮ ልጅ ናትና ትጣላኛለች። የያዮ የዱር ቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. ከካፋ ጋር ዩኔስኮ ከሚያውቃቸው የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገባ፤ ቡና ማንም ሳይተክለው በራሱ የሚበቅልበት ጫካ ነው። እዚያው አጠገብ የድንጋይ ከሰል አለ። ከከሰሉ ማዳበሪያ ያመርታል የተባለ ፋብሪካ ተጀመረ፣ ብዙ ተወራለት፣ ሳያልቅ ቆመ። ባለቤቴ ጫካው ተረፈ ብላ ትደሰት፣ ማዳበሪያው ቀረ ብላ ትዘን፣ እስካሁን አልወሰነችም። እኔ በላም እበት ነው የምሠራው።

አዲስ ጠላት ሲመጣም ሩቅ አይሄድም። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ መጀመሪያ የታየው ሸካ ውስጥ፣ የኪ ወረዳ ነው፤ ጎረቤታችን። በቆሎው ውስጥ ገብቶ ልቡን ይበላል። የእህቴ ልጅ ለካናዳ ቪዛ ስድስት ዓመት ጠበቀ፤ ትሉ ከአሜሪካ ሲመጣ የጠየቀው የለም። በእጃችን እየለቀምን ገደልነው፣ አመድ ነሰነስንበት፤ ከጦጣ የተረፈውን እሱ በላ።

ችግኝ መትከልም አለ፤ ደስ ይለኛል፣ ሙያዬ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ሰብስቦ ከሰፈራችን በላይ ያለውን ገደል ሊያለብስ መጣ። ፎቶ ተነሡ፣ ቆሎ በሉ፣ ሄዱ። እኔ ማታ ወጥቼ ባይ ግማሹ ችግኝ ከነፕላስቲኩ ነው የተቀበረው። ሌሊት በባትሪ እያወጣሁ፣ ፕላስቲኩን እየቀደድኩ እንደገና ተከልኩ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ወገቤ እስከ መስቀል አልተቃናም።

ስለ ፕላስቲክ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። በድሮ ዘመን የጎሬ ቡና በበቅሎ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ወንዝ በመርከብ ካርቱም ይገባ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ የምንልከው ፌስታል ነው። ከመቱ ገበያ ሶር ይገባል፣ ሶር ወደ ገባ፣ ገባ ወደ ባሮ፣ ባሮ ወደ ሶባት፣ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ። የእኔን በርበሬ የያዘ ፌስታል ካርቱምን አይቶ ይሆናል፤ እኔ ከጅማ አላለፍኩም።

ይኼን ስጽፍ እንደገና ጀምሯል፤ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ኦቦ ከማዶ «ወሎዬ፣ መጣልህ!» ብሎ ጮኸ። መጋቢት መጀመሪያ ነው፤ ቡናው ትናንት አብቧል። እንዲቀጥል ነው የምፈልገው፣ ግን ለኦቦ አልነገርኩትም።

ከቤቴ በላይ ባለው መንገድ የምታልፉ ሰዎች ፌስታላችሁን ይዛችሁ እለፉ። ከማማው ላይ ወንጭፌን ያነሳውም ልጅ ይመልስልኝ፤ በቆሎው ሊጎመራ ሦስት ወር ነው የቀረው።